የዝቬዝዳ ገበያ የሞት ማስታወቂያ

እናቷ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «እትዬ ዝላትካ ሞቱ» አለች።

ራሊትሳ አይብ ያለበትን ቂጣ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? ሱቃቸው በር ላይ የሞት ማስታወቂያው ተለጥፎ አየሁት እንጂ። ወጣት ሳሉ የተነሱት ፎቶ ነው፣ እንዴት ያምሩ ነበር። ሱቁም ዝግ ነው። ሰኞ ጠዋት ዘግተው ያውቃሉ?»

የልጅቷ ፊት አመድ ሲመስል እናቷ ሐዘን ነው ብላ ራሷን ደባበሰቻት። ሐዘን አልነበረም። በዚያ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ትናንት እሑድ ከሰዓት በኋላ በገዛ እጇ የለጠፈችው ራሊትሳ ናት።

ዝቬዝዳ ማለት ኮከብ ነው። በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በእኛ ከተማ እንደ ዝቬዝዳ ያለ ሕንፃ ታይቶ አይታወቅም ነበር፤ ባለ ሦስት ፎቅ የገበያ አዳራሽ፣ ያውም በኤሌክትሪክ የሚሄድ ደረጃ ያለው። ደረጃው የሠራው ለአሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የከንቲባውን ሚስት የጫማ ተረከዝ ዋጠና ይኸው እስከ ዛሬ አልተፈጨለትም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው የኮት መደብር መስተዋትስ? ሰውን አሥር ኪሎ ያከሳ ነበር። አንድ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ እዚያ ፊት ቆሞ ራሱን ሲያደንቅ ሦስት ቀን ጠፍቶ ተፈልጓል። ውሸት የመሰለው የዚያን ሰው ልጆች ይጠይቅ።

ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ጎረምሳው ሁሉ ወደ ጀርመንና ወደ ስፔን ነጎደ፣ ከከተማው ውጭ የመኪና ማቆሚያው ብቻ የኳስ ሜዳ የሚያህል አዲስ መደብር ተከፈተ። የዝቬዝዳ ሱቆች አንድ በአንድ መብራታቸውን አጠፉ። የቀረው፣ ታች ከበሩ አጠገብ፣ የእትዬ ዝላትካ የአዝራርና የክር ሱቅ ብቻ ነው።

ራሊትሳና የክፍሏ ልጅ ካመን ከጥር ጀምሮ ከኋላ ባለው የዕቃ ማስገቢያ በር እየሾለኩ ያልገቡበት ክፍል የለም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የቀሩትን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች ድረዋል፤ ሙሽራው እጅ አልነበረውም፣ ሚዜው ጭንቅላት። በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ደግሞ አንድ ካርቶን ሙሉ የድሮ ፎቶ አገኙ።

ባለፈው ሳምንት ማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃው ለዘለቄታው እንደሚዘጋ ሲናገር፣ ካመን እንዲህ ያለ ሬሳ ሳይለቀስለት አይቀበርም አለ። ሐሳቡ የሱ ነው፣ ጽሑፉ የሷ። እንደ ደንቡ ጥቁር ክፈፍ አበጁለትና ከላይ ከካርቶኑ ያወጡትን የሕንፃውን የምርቃት ዕለት ፎቶ፣ ዋናውን ራሱን፣ በሙጫ መቱበት። ከታች «ተወዳጁ ዝቬዝዳ በተወለደ በአርባ አንድ ዓመቱ ከረጅም ሕመም በኋላ ተለይቶናል። ሐዘንተኞች፦ ርግቦቹ፣ አይጦቹና ድሮ እዚህ ጫማ የገዛ ሁሉ» ብላ ጻፈች። ፎቶው ላይ ከሕንፃው በር ፊት አንዲት ሳቂታ ሻጭ መቀስ ይዛ ቆማለች። ማን እንደሆነች ለማወቅ ያሰበ አልነበረም። የተለጠፈውም ሰው የሚገባበት ብቸኛው በር ስለሆነ የሱቁ በር ላይ ነው።

በእኛ ከተማ የሞት ማስታወቂያ ያልተለጠፈበት ዛፍ፣ ምሰሶና በር የለም። ሰው በቀን አሥሩን እያየ ያልፋል፤ እስከ መጨረሻው የሚያነብ ግን አንድም የለም። ፊቱን ያያል፣ የተለጠፈበትን በር ያያል፣ ያማትባል፣ አበባ ሊገዛ ይሄዳል።

ፎቶው ላይ ያለችው ሻጭ ለካ እትዬ ዝላትካ ራሳቸው ናቸው፤ ይህ ብቻ ቢሆን ራሊትሳ ትስቅ ነበር። ያስፈራት የሱቁ መዘጋት ነው። እትዬ ዝላትካ ጠዋት መጥተው የራሳቸውን ፎቶ በጥቁር ክፈፍ ውስጥ ሲያዩ፣ በዚያው ልባቸው ቀጥ ብሎ ቢሆንስ? ለካመን ደወለች። እሱ ማንም እንዳላያቸው፣ ስለዚህ አፏን ብትዘጋ ነገሩ በራሱ እንደሚቀዘቅዝ ነገራት። ሴትዮዋስ ብትለው፣ ስልኩን ዘጋው።

ጫማዋን ሳታስር ወጣች።

በሩ ጋ ሃያ ያህል ሰው ቆሟል። ደፉ በአበባ ተሸፍኗል፣ ሁለት ሻማም በርቷል። ሴቶቹ እትዬ ዝላትካ በነጻ ስለለወጡላቸው ዚፖች እያነሱ ያለቅሳሉ፤ አንድ ሽማግሌ ቆቡን አውልቆ፣ የሠርግ ኮቱን አዝራር የመረጡለት እሳቸው እንደነበሩ ለማንም እየነገረ ነው። ራሊትሳ እንደምታውቀው ከመካከላቸው ዘንድሮ ያቺን ሱቅ የረገጠ ሦስት ሰው አይሞላም። እናቷም የካርኔሽን አበባ ይዛ ደረሰች። ራሊትሳ ወረቀቱን ልትገነጥል ሁለት ጊዜ ተራመደች፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰች።

ያኔ ነው ከክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ የመጣው አውቶቡስ አደባባዩ ላይ የቆመው። ከኋላ በሩ አንዲት ሴት ዘንቢላቸውን አስቀድመው ወረዱ። አዲስ መነጽር አድርገዋል።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ሽማግሌው ቆቡን አጠለቀ፣ መልሶ አወለቀ።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ እትዬ ዝላትካ።

አንዲት ሴት አበባዋን ከኋላዋ ደብቃ «እርስዎ» አለች።

«እኔ? መቼ?»

«ትናንት መሰለን።»

ራሊትሳ የግንቡን ጫፍ ይዛ ተቀመጠች። ሳቅም ልቅሶም በአንድነት መጣባት፤ ደረቷ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የወረደላት ያህል አየር እንደ ልብ ገባላት። በሕይወት አሉ። ለካ ገና ሳይነጋ ዓይናቸውን ሊታከሙ ሄደው ነው። ለማንም ያልተናገሩትም፣ ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል እንዳይላቸው ፈርተው ኖሯል።

እትዬ ዝላትካ ወደ በሩ ተጠግተው ማስታወቂያውን ከአናቱ እስከ ግርጌው አነበቡት። እንዲያ ያነበበው የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ጣታቸውን ፎቶው ላይ አሳረፉ፤ በቁጣ ይሁን በሌላ አይታወቅም።

የደነገጠ ሰው የሚቆጣበት ይፈልጋል። ሕዝቡ ወረቀቱን አሁን ገና አንብቦ ወደ ሕንፃው ዘበኛ ወደ ጋሼ ፔንቾ ዞረ። የሕንፃው ቁልፍ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ፎቶውን ሌላ ማን ያወጣል? ጋሼ ፔንቾ ምሎ ተገዘተ፣ ግን ሲደነግጥ ስለሚንተባተብ ወንጀለኛ መሰለ። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ነው። አንዱ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሊደውል ስልኩን አወጣ፤ ዛሬውኑ መባረር አለበት ብሎ።

ራሊትሳ እናቷን አየች። ቀጥሎ ጋሼ ፔንቾን አየች፤ ቆቡን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች።

የሰማት የለም። ተነሥታ ቆመችና ደገመችው። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። ፎቶውንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ፔንቾ የሚያውቁት ነገር የለም። የሞተው ሕንፃው ነው ለማለት ነበር እንጂ እርስዎን... እርስዎ መሆንዎንም አላወቅኩም።»

የእናቷ እጅ ከነአበባው ወረደ። ደዋዩ ስልኩን ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ መለሰ። የሆነ ሰው የዘመኑን ልጆች መርገም ሲጀምር እትዬ ዝላትካ በእጃቸው አስቆሙት።

«ነይ እስቲ» አሏት። «ይህን ፎቶ ከየት አመጣሽው? አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እኔ የነበረኝ በጎርፉ ጊዜ ተበላሽቶብኛል። ስንት ዘመን የፈለግሁት መሰለሽ።»

«ላይ ቢሮ ውስጥ፣ ካርቶን አለ። ግን ይህን በሙጫ...»

«በሙጫ አጣበቅሽው። ጎበዝ።» ተነፈሱ። «ብትገድዪኝም በመልካም ዕድሜዬ ነው የገደልሽኝ። ሳይቀደድ አንሺልኝ። ያን ጊዜ እንታረቃለን።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው ከደፉ ላይ አንዱን እቅፍ አበባ አነሡ። እኛ ዘንድ ለሞተ ሰው አበባ በጥንድ ቁጥር ነው፤ በሕይወት ላለ ሰው ጎዶሎ ይሆናል። እትዬ ዝላትካ ከአራቱ ዘንግ አንዱን መዘዙና ለሽማግሌው ሰጡት። ከሌላው እቅፍ ስድስት ዘንግ አንዱን መዘዙና ለራሊትሳ እናት። እንዲህ እያሉ ሁሉንም አጎደሉት። ሲጨርሱ ሱቁን ከፈቱ፤ ለቀስተኛው አንገቱን ደፍቶ ተከትሎ ገባ፤ ከውስጥ የአዝራር መሳቢያዎች ሲከፈቱና ሲዘጉ ተሰማ።

እናቷ ወደ ውስጥ ከመግባቷ በፊት «ማታ እንነጋገራለን» አለቻት። ድምጿ ግን የፈራችውን ያህል አልከበደም። ጋሼ ፔንቾ በባልዲ ሙቅ ውሃና ጨርቅ አምጥቶ እግሯ ሥር አስቀመጠ።

«ከእንግዲህ በፊት በር ግቢ» አላት። «ብትወድቂ እንኳ የት እንደምፈልግሽ ልወቅ።»

ስልኳ ነዘረ። ካመን ነው። «ተናገርሽ እንዴ?» ይላል።

«አዎ» ብላ ጻፈች። «ስምህን አልጠራሁም። መናገር አለመናገሩን አንተ ታውቃለህ።»

ስልኩን ኪሷ ከታ ጨርቁን ነከረች። የፎቶውን ጠርዝ በጥፍሯ ሞከረች፤ ገና ነው፣ አልለቀቀም። ጨርቁን ፎቶው ዙሪያ አስጠጋችና ሙጫው እስኪርስ ይዛ ጠበቀች።