የአቶ ይግዛው የመጨረሻ ቅምሻ

አቶ ይግዛው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በወንበራቸው እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የንፋስ መውጫ ሰው ገዳዩን አውቆ ጨርሶ ነበር። ቄስ ካሴ ናቸው አለ። እሁድ ዕለት በዐውደ ምሕረቱ ላይ «ይህን ትምባሆ የለመደ አፍ እግዚአብሔር ይዝጋው» ሲሉ ያልሰማ አልነበረምና።

አሁን ቄሱ በሟቹ ግቢ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆመዋል። ወደ ደብረ ታቦር የሚወስዳቸው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ከአጥሩ ውጭ ሕዝቡ ይገፋፋል፤ ገሚሱ ያለቅሳል፣ ገሚሱ ይሳደባል። ነፋሱም የቆርቆሮውን በር እያንኳኳ የሰውን ልብ ያደርቃል።

ኢንስፔክተር ዓለምጸሐይ ሹፌሩን አንድ ሰዓት እንዲጠብቃት ለምና ወደ ቤት ገባች። የሰው ችኮላ የሚያናድዳት ሴት ናት፤ ራሷ ግን ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብላ አታውቅም። የጤና ባለሙያው ሰውየው በትራስ ታፍነው መሞታቸውን ነግሯታል። ሰዓቱን ግን አልቆረጠላትም። ለሌሎቹ ፖሊሶች ሰዓቱን የነገራቸው ከሬሳው አጠገብ ተጨሶ ያለቀ የተገኘው ሲጋር፣ በቅጠል የተጠቀለለው ወፍራም ትምባሆ ነው።

አቶ ይግዛው በውጭ አገር የሲጋር ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቀማሽ ነበሩ። አገራቸው ከገቡ ወዲህ በስማዳ ቆላ፣ በጨርቅ ጥላ ሥር፣ ቀለሙ ነጣ ያለ ለስላሳ የመጠቅለያ ቅጠል ያስበቅሉ ነበር። እርሻውን የያዘው አስናቀ የሚባል የስማዳ ሰው ነው። ቤታቸውን የምትይዘው ደግሞ ሰናይት ናት።

«ሲቀምሱ እንዴት ነበር የሚያደርጉት?» አለች ዓለምጸሐይ፣ በክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደደች።

«ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ እህል ሳይቀምሱ ነው» አለች ሰናይት እንባዋን እየጠረገች። «መጀመሪያ ሳይለኩሱ ያሸቱታል። ከዚያ ጫፉን ቆርጠው ይለኩሱታል። ጭሱን አፋቸው ውስጥ ያዝ አድርገው ይለቁታል እንጂ አይውጡትም። ከዚያ ዝም ነው። ወተት ወተት ይላል፣ ለውዝ ለውዝ ይላል እያሉ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ።»

«አንዱ ስንት ሰዓት ይፈጅባቸዋል?»

«አንድ ሰዓት ተኩል። አንድ ቀን ቁርስ ደረሰ ብላቸው፣ ሲጋር ያጣደፉት እንደሆነ ይመራል ብለው ተቆጡኝ። ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውኃ አስቀመጥኩላቸውና ወደ ገበያ ወጣሁ። አስናቀ አብሯቸው ተቀምጦ ነበር።»

አስናቀ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ባርኔጣውን ያሽከረክራል። «ሲለኩሱ ትቻቸው ወጣሁ። ከአንድ ሰዓት ጀምሮ መናኸሪያ ነበርኩ፣ ትኬት ቆራጩን ይጠይቁት። ሲጋሩ እንደሆነ እስከ ቂጡ አልቋል። እንግዲህ እስከ አንድ ተኩል ድረስ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው።»

«እርስዎም ያጨሳሉ?»

«ኧረ እኔስ አበቅላለሁ እንጂ ባፌ አላስጠጋውም። የዲያቆን ልጅ ነኝ።»

ዓለምጸሐይ ወጥታ ቄሱን አነጋገረች። «አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጣሁ» አሉ። «ልመክራቸው ነበር። በመስኮት ጀርባቸውን አየሁ፤ ብጠራ ብጠራ መልስ የለም። ንቀውኝ መሰለኝና ተመለስኩ።»

ተመልሳ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰች። የትናንቱና የዛሬው መተርኮሻ ጎን ለጎን ነበሩ። ደብተሩን ገለጠች፤ የትናንቱ ገጽ ተቀዷል። ያን ጊዜ ሹፌሩ ከውጭ ጥሩምባ ነፋ። በጣም አናደዳት።

«ሁሉም ይግቡ» አለች።

ቄስ ካሴ ሲገቡ ሰናይት ተነሥታ የእጅ መስቀላቸውን በግንባሯና በከንፈሯ ተሳለመች። ፖሊሶቹም እያፈሩ ተሳለሙ። አስናቀ ግንባሩን ብቻ አስነክቶ ዞር አለ።

«ሲጋር አስቀምጠውት ቢሄዱ ይጠፋል» ብላ ጀመረች ዓለምጸሐይ። «ይህን ግን አንድ ሰው ስቦ ጨርሶታል። አቶ ይግዛው አይደሉም። የትናንቱን አመድ ተመልከቱ፣ ጣት ያህል ሆኖ ሳይፈርስ ተጋድሟል። እሳቸው አያራግፉም። የዛሬው እንደ ተራ ሲጋራ በየደቂቃው ተራግፎ ዱቄት ሆኗል። የተረፈውንም እዩ፤ ቅጠሉ በግለት ተሰነጣጥቋል። አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጀው ነገር በግማሽ ሰዓት አልቋል።»

«ለምን ብሎ?» አለ አንደኛው ፖሊስ።

«ሰዓቱን ወደፊት ለመግፋት። አቶ ይግዛው ገና አሥራ ሁለት ሰዓት እንዳለፈ ታፍነዋል። ገዳዩ ከሬሳው አጠገብ ቁጭ ብሎ አጨሰላቸው። ከዚያ መናኸሪያ ሄዶ ለሰው ታየ። አባታችን አንድ ተኩል ላይ የጠሩት ሬሳ ነው።»

አስናቀ ሊስቅ ሞከረ። «ማንም ሊያጨሰው ይችላል።»

«ይችላል። አቶ አስናቀ፣ እስቲ መስቀሉን በአፍዎ ይሳለሙ።»

ቄሱ መስቀሉን ዘረጉ። አስናቀ አንድ እርምጃ ቀረበና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አዛውንት በትራስ ማፈን የቻለ ሰው ትምባሆ በነካ አፉ መስቀል መሳለም አቃተው።

የተቀደደው ገጽ ከኮቱ ኪስ ወጣ። ዓለምጸሐይ አነበበችው፦ «የስማዳው። መጠቅለያው ሐር ነው። ሳይለኮስ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል። ሲሳብ ግን ይመራል፤ በቅጡ ሳይብላላ ተቻኩሎ የታሸ ነው። ለገዢዎቹ ዘንድሮ አይግዙ፣ አንድ ዓመት ይቆዩ እላቸዋለሁ።»

«ትምባሆ አበቀልክ ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ አገር ረግሞኛል» አለ አስናቀ መሬት መሬት እያየ። «ወንድሜ እንኳ ቤቱ አያስገባኝም። ቅጠሉ ዘንድሮ ካልተሸጠ በዕዳ መሬቴን ይነጥቁኛል። እሳቸው ግን አንድ ዓመት ምን አላት አሉኝ።»

መኪናው አስናቀን ይዞ ሄደ። ሲሳደብ የነበረው ሰው አሁን ቄሱን ለመሳለም ይጋፋ ጀመር። ቄስ ካሴ ግን ከግቢው አልወጡም።

«ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?» አሉ ሰናይትን።

«ማን ሊፈታቸው፣ አባ? ካህናቱ ለትምባሆ አጫሽ ፍትሐት አናደርስም ብለዋል።»

ቄሱ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ሬሳው ክፍል አመሩ።

«ያንን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ» አሉ። «መጽሐፉን ከቤቴ አስመጪልኝ። ማንም ባይመጣ ብቻዬን አደርስላቸዋለሁ።»