ለጄኔሬተር የተላኩ ሽማግሌዎች

ፍቅሩ የጀመረው በጉንፋን ነው።

አምሐ ያን ቀን ከጓደኞቹ ጋር የኮልፌን ወንዝ ሲጠርግ ውሎ፣ ቦቲ ጫማውን ሳያወልቅ ወደ አስኮ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገባ። አብሮት የገባውን ሽታ ለመግለጽ ቋንቋችን ሀብታም ቢሆንም አቅም ያንሰዋል። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አወጣ። አንዲት እናት በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ። አንድ ጎልማሳ ፌርማታው ሳይደርስ «ወራጅ አለ!» ብሎ ወረደ። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ብቻ ዞር ብላ አየችውና ፈገግ አለች።

«ከወንዙ ነው የመጣኸው?»

«በምን አወቅሽ?»

«በቦቲህ።»

የአምሐ ልብ እዚያው ቀለጠ። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለች ጨዋ! የልጅቷ የናዝራዊት ጨዋነት ባይካድም፣ በዚያ ሰሞን አፍንጫዋ ድፍን ብሎ የተቆላ በርበሬ እንኳ አይሸታትም ነበር። ይህን ለመናገር ግን አልቸኮለችም። መልከ መልካም ወንድ «አንቺ ከሌላው ሰው ትለያለሽ» ሲላት «ጉንፋን ይዞኝ ነው» የምትል ሴት የት አለች?

በሚቀጥለው ቅዳሜ እሷም ጓንት አድርጋ ወንዝ ወረደች። ያኔ ጉንፋኑ ለቋት ነበር። ስለዚህ የወረደችው በፍቅር ብቻ ነው ማለት ነው።

አምሐ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ «የወንዛችን ወዳጆች» የሚባለውን ማህበር የሚመራውም እሱ ነው። ስለ ውሃ ትል ሲያስረዳ አፉ ማር ነው። ስለ ልቡ ሲሆን ግን ይንተባተባል።

«ናዝራዊት…» ይላል፣ ድልድዩ ላይ ቆመው።

«አቤት?»

ታየዋለች። ውሃውን ያያል።

«የኦክስጅኑ መጠን ተሻሽሏል።»

ፋርማሲስቷ ናዝራዊት ስምንት ወር ሙሉ ስለ ኦክስጅን ሰማች። ትንፋሽ ያጠራት ግን እሷ ነበረች።

አምሐን የሚያስፈራው አባቷ ናቸው። አቶ ወልደሰንበት ኮልፌ ውስጥ የታወቁ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ስለ ትዳር አንድ አባባል አላቸው። «መምህርን ብድግ ብለው ያከብሩታል፤ ልጅ ግን አይድሩለትም።» ይህ አባባል ሰፈሩን ዞሮ ዞሮ አምሐ ጆሮ ገብቶ ነበር።

ማህበሩ ለጓንቱም ለአካፋውም የሚሆን ገንዘብ ሲያጣ፣ ወንዙ ዳር ባለ የትምህርት ቤት ሜዳ የገቢ ማሰባሰቢያ ድግስ አሰናዳ። ዘፈን፣ ቶምቦላ፣ የበግ ጨረታ፣ ሁሉም ተሟላ። የጎደለው ጄኔሬተር ብቻ ነው። በዚያ ሰፈር መብራት ድግስ አይቶ የሚሄድ ስለሆነ፣ ያለ ጄኔሬተር መደገስ እግዜርን መፈታተን ነው። ደህና ጄኔሬተር ያላቸው ደግሞ አቶ ወልደሰንበት ናቸው። አምሐ መሄድ ፈራ። ናዝራዊት «እኔ ከጠየቅሁ ‹ለማን ብለሽ ነው?› ይሉኛል» ብላ ሸሸች። በመጨረሻ ጋሽ ደግፌ ሁለት ሰው አስከትለው እንዲሄዱ ተወሰነ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ጋሽ ደግፌ የሰፈሩን ግማሽ በሽምግልና የዳሩ ሰው ናቸው። ሙያው ከደማቸው ተዋህዶ፣ ጎረቤት ጨው ሊበደሩ ቢሄዱ እንኳ ደጅ ቆመው «አንድ ታላቅ ጉዳይ ይዘን መጥተናል» ሳይሉ አይጀምሩም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሦስቱም ጋቢያቸውን ደርበው የአቶ ወልደሰንበት በር ላይ ቆሙ።

«ግቡ እንጂ! ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ደግፌ።

አቶ ወልደሰንበት ደነገጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቅዬ ወደ ጓዳ ሮጠው ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጠፉ።

«የመጣነው ስለ ልጃችን ስለ አምሐ ነው።»

«መምህሩ? ወንዝ የሚጠርገው?»

«እሱው። ትልቅ ድግስ አስቧል። ሁሉ ሞልቶለት አንዲት ነገር ብቻ ጎደለችው። እሷም ያለችው ከእርስዎ ግቢ ነው። ይስጡን። እዚህ ቆማ ከምትቀር…»

«ቆማ ከምትቀር?!» አቶ ወልደሰንበት ብድግ አሉ። «ገና ሃያ ሰባቷ እኮ ነው!»

ጋሽ ደግፌ አንድ ጄኔሬተር ይህን ያህል ዘመን መቆየቷ ገረማቸው። «ታዲያ ጭራሽ አያስታውቅባትም» አሉ በትህትና። «አምሐ እንደ እንቁላል ነው የሚይዛት። ቅዳሜ መጥቶ…»

«በቀኑ እንኳ አትቸኩሉ! መጀመሪያ እሷን ልጠይቃት፤ ዘመኑ ነው። ቅዳሜ በወንዙ ዝግጅት ተጠርቻለሁ። መልሴን እዚያው፣ ሰው ባለበት እሰጣለሁ።»

ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ።

«እሷን ልጠይቃት አሉ እኮ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ መንገድ ላይ። «ጄኔሬተሯን?»

«ነዳጅ አላት ወይ ማለታቸው ነው» አሉ ጋሽ ደግፌ። ለአምሐም «ነገሩ አልቋል፤ ቅዳሜ ነው» ብለው ነገሩት።

ያን ዕለት ማታ አቶ ወልደሰንበት ልጃቸውን ፊት ለፊታቸው አስቀመጧት።

«የአምሐ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር።»

ናዝራዊት ምንጣፉን አየች። የምንጣፉ አበባ ሁሉ አንድ ላይ የፈካ መሰላት።

«መምህር መሆኑን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ምን ልበላቸው?»

«እርስዎ እንዳሉ።»

«እኔ ገና ምንም አላልኩም።»

«እንግዲያው… እሺ ይበሏቸዋ» አለችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አቶ ወልደሰንበት ያንን አባባላቸውን ሊደግሙ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ የልጃቸውን ጆሮ ቅላት አይተው መልሰው ዘጉት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሜዳው በሰው ሞላ። የድምፅ ማጉያው ወንዝ ሊያድን ይሁን ጆሮ ሊገድል የመጣ አይታወቅም። ናዝራዊት ከፀጉር ቤት በቀጥታ፣ በሰማያዊ ቀሚስ ደረሰች። አምሐ ሲያያት የያዘውን የወንበር ክምር ረሳው። ቀርቦ ጆሮዋ ላይ ጮኸ።

«አባትሽ ምን አሉ?»

«እሺ ብለዋል!» አለች፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ።

«እፎይ! ሁለት ቦታ ጠይቀን እምቢ ብለውን ጨንቆኝ ነበር።»

ዓይኗ ቀና አለ። «ሁለት ቦታ?»

«አዎ። ደግሞም የሳንሱሲዋ አሮጌ ናት፤ ትጮኻለች። የአስኮዋ ደግሞ ብዙ ትጠጣለች።»

«እና እኔ ሦስተኛ ነኝ?»

«አንቺ? የምን ሦስተኛ?»

«አምሐ፣ ስለ ምንድን ነው የምናወራው?»

«ስለ ጄኔሬተሯ ነዋ!»

ተያዩ። አምሐ መጀመሪያ ቀሚሱን አየ፤ ቀጥሎ የተሠራውን ፀጉር፤ ከዚያ እንባ ያቀረሩትን ዓይኖች። ባዮሎጂ ሲያስተምር የማይታይበት ዝግመት ነበር። በመጨረሻ ገባው።

«ሽማግሌ የላክኸው ለጄኔሬተር ነው?» አለች።

«ናዝራዊት…»

«እኔ እኮ እሺ ብያለሁ! አባቴ ይኸው መድረክ እየወጡ ነው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ለጄኔሬተር ጠያቂ ልጃቸውን ሊሰጡ!»

አቶ ወልደሰንበት እውነትም ኮታቸውን ቆልፈው ደረጃውን እየወጡ ነበር። ናዝራዊት ወደዚያ ፈጠነች። አምሐ ተከተላት።

«አትምጣ! አሁን ‹እኔም አስቤሽ ነበር› ልትለኝ ነው። በይሉኝታ የሚያገባኝ ሰው አልፈልግም።»

«ይሉኝታ አይደለም!»

«አይሰማኝም!»

«ይሉኝታ አይደለም አልኩሽ!» አምሐ በሳንባው ሙሉ ጮኸ። «ያን ሁሉ ወር ስለ ኦክስጅን ያወራሁት…»

መብራት ሄደ። ሙዚቃው ቀጥ አለ።

«…እወድሻለሁ ማለት አቅቶኝ ነው!»

ቃሉ ሜዳውን አቋርጦ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ማዶ ልብስ ያሰጡ የነበሩ ሴቶች ዘንድ ደረሰ። ሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት አሮጊት «እስቲ ድገመው የኔ ልጅ፣ መጀመሪያውን አልሰማሁትም» አሉ።

ናዝራዊት ቆማ ቀስ ብላ አሰላሰለች። ይሉኝታ የሚሠራው ሰው ፊት ነው። ይህ ልጅ ደግሞ ሲጮህ ከእሷ በቀር ማንም እንደማይሰማው እርግጠኛ ነበር። አሁን እንኳ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ የሚገባበት ጉድጓድ እየፈለገ ነው። አላስችል ብሏት ፈገግ አለች።

አቶ ወልደሰንበት የሞተውን ማይክ እንደያዙ ነበሩ። «ጋሽ ደግፌ!» አሉ፣ ያለ ማይክም በሚሰማ የገበያ ድምፅ። «እሁድ ቤቴ የመጡት ስለ ምን ነበር?»

ጋሽ ደግፌ ተነሡ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ንግግር አጠረባቸው።

«ስለ… ጄኔሬተሯ።»

ሳቁ ሜዳውን አናወጠው። አቶ ወልደሰንበት ግን አልሳቁም። ሰው ሊቆጡ መሆኑ ሲገባው ሳቁን ዋጠ።

«ወልደሰንበት» አሉ ወይዘሮ ብርቅዬ ከመድረኩ ሥር፣ ለስለስ ብለው። «ሰውን ተወውና ልጅህን እያት።»

አዩዋት። እሷ ግን አላየቻቸውም፤ ዓይኗ መምህሩ ላይ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሲያሳድጓት እንደዚህ ስታይ አይተዋት አያውቁም።

«ሽማግሌዎቹ ቢሳሳቱም» አሉ በመጨረሻ፣ «ልጄ የተሳሳተች አይመስለኝም።» የመኪና ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ወረወሩላት። «ሂዱና ጄኔሬተሯን አምጡልን። ሌላውን ነገር ደግሞ፣ አንተ ልጅ፣ ራስህ ጠይቃት። ሰው አትላክ!»

ፒካፑን ናዝራዊት ነዳች። መንገድ ላይ አምሐ ሦስቴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ናዝራዊት ሦስቴም ኦክስጅን ልትሰማ ተዘጋጀች። ግቢ ደርሰው ጄኔሬተሯን ግራና ቀኝ ይዘው አነሡ። የተሠራው ፀጉር ተፈታ። ሰማያዊው ቀሚስ ዘይት ነካው። ከመኪናው አንድ እርምጃ ሲቀራቸው አምሐ ቆመ።

«ናዝራዊት፣ ታገቢኛለሽ?»

«አሁን? ይህን ተሸክመን?»

«ካስቀመጥናት እፈራለሁ።»

«እሺ» አለች እያለከለከች። «እሺ አልኩህ! አሁን በአንተ በኩል ከፍ አድርጋት፣ ጣቴ ሊቆረጥ ነው!»

ከፍ ሊያደርግ ሞከረ፤ ሳቅ አሸነፈው። እሷንም ሳቅ ያዛት። ጄኔሬተሯ ተመልሳ መሬት ወረደች፤ ሁለቱም ጎንና ጎኗ ላይ ተደግፈው ቀሩ። ሜዳው ላይ ያለው ሰው ያለ መብራት፣ ያለ ሙዚቃ፣ እጅግ ረጅም ጊዜ ጠበቃቸው።