ከአራሶች ጎን

«ወጠር አድርጊው እንጂ! ሰውዬውን የጨረሰው በዚህ ቀዳዳ የሚገባው ንፋስ አይደል?»

ሠርካለም ወንበር ላይ ቆማ የብርድ ልብሱን ጫፍ መስኮቱ አናት ላይ ካለው ምስማር ጋር ለማያያዝ ትታገላለች። እናቷ የሻሽወርቅ ከታች ሆና ሌላውን ጫፍ ይዛለች። ውጭው የመጋቢት ፀሐይ ነው። መስኮቱ ሲደፈን ቤቱ ጨለመ፤ አልጋው ላይ በጋቢ ተጀቡኖ የተቀመጠው አባቷ ትእዛዙም ከአፍንጫው በቀር የሚታይ ነገር አልነበረውም።

«አሁን ገና ቤት ሆነ» አለች እናቷ እጇን እያራገፈች። «ምችም ብርድም አያገኘው።»

ሠርካለም ወረደች። ተቀመጠች። ተነሳች። የስምንተኛ ክፍል ፈተና እየደረሰ ነውና መጽሐፏን ገለጠች፤ አንድ መስመር ሳታነብ መልሳ ከደነችው። አላስቀምጥ ያላት ጨለማው አልነበረም። ይህ ሁሉ ድፈና የመጣው እሷ በዋሸችው ውሸት ነው።

ባለፈው ሳምንት አባቷን ደግፋ ሆስፒታል የወሰደችው እሷ ነበረች። ትእዛዙ ልብስ ሰፊ ነው። ገጠር፣ ዝቋላ ማሽላ ሲያርስ በነበረበት ጊዜ ዳገቱን እንደ ፍየል ነበር የሚወጣው፤ ራሱ ሲያወራ ማለት ነው። ሰቆጣ ገብቶ ከስፌት መኪናው ጋር ከተጣበቀ ወዲህ ግን ማልዶ ጠባቧ ሱቅ ይገባል፣ ሲመሽ ይወጣል። ከክረምት ጀምሮ ጭኑን ይቆረጥመዋል። ሰሞኑን ደግሞ ከበርጩማ ለመነሳት የሰው እጅ ይፈልግ ጀመር።

ደሙ ተመርምሮ ሲመጣ ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን አየና «ጋሼ፣ ቫይታሚን ዲ በጣም አንሶብዎታል» አለ። «አጥንትዎ የሳሳው በዚያ ነው። አብዛኛውን የምናገኘው ከፀሐይ ነው፤ እርስዎ ግን ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ነዎት፤ ሲወጡም ተሸፋፍነው። ኪኒኑን ይዋጡ፤ ረፋድ ረፋድ ላይ ደግሞ እጅና እግርዎን ገልጠው ፀሐይ ይሙቁ። አደራ፣ መውደቅና መመታት እንዳይኖር፤ እንዲህ የሳሳ አጥንት በቀላሉ ይሰበራል።»

እንቁላልና ዓሣም ጠቅሶ ነበር። ትእዛዙ «ሁዳዴ ላይ እኮ ነን ዶክተር! ዓሣውስ ቢሆን ከተከዜ እስኪመጣ ማን ይጠብቀዋል?» ብሎ ሳቀ።

ከግቢው ሲወጡ ሳቁ የለም።

«ለእናትሽ ብርድ ነው ብሏል በያት።»

«ለምን አባዬ?»

«ለምን ትላለች እንዴ! እኔ ትእዛዙ ከአራሶች ጋር አጥር ሥር ተሰጥቼ ልዋል? ሥራ ፈት ልባል? የሰፈሩን አፍ አጥተሽው ነው?»

አላጣችውም። ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለው የድንጋይ አጥር ሥር፣ ረፋድ ላይ አራሶች ጨቅሎቻቸውን ቅቤ ቀብተው ፀሐይ ያሞቃሉ። በሥራ ቀን እዚያ የሚቀመጥ ወንድ ወይ አልጋ የያዘ ነው ወይ የማይረባ። ስለዚህ ቤት ስትደርስ «ብርድ ነው አለ» አለች። ኪኒኑም የብርድ ኪኒን ሆነ።

እናቷ ደግሞ ብርድ ከተባለ አትተኛም። ሱቁን አዘጋችው። ዳማከሴ አሸችበት። ጋቢ ላይ ጋቢ ደረበችበት። ትእዛዙ ባመመው ቁጥር ይሸፈናል፤ በተሸፈነ ቁጥር ያመዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ አባትና ልጅ እየተያዩ ዝም ይላሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ጓደኛዋ ዓይናዲስ ጋር ልታጠና ሄደች። ማጥናቱ ቀርቶ እስክሪብቶ ስታኝክ ዋለች።

«ሠርኪ፣ ምን ሆነሻል? ኧረ አትሸውጂኝ!» አለች ዓይናዲስ በመጨረሻ።

ነገረቻት።

«በቃ ለእናትሽ ንገሪያታ! ፀሐይ መሞቅ ደግሞ ምን ሼም አለው?»

«አንቺ ምን አለብሽ። አባትሽ አይደለም» አለች ሠርካለም፤ ተናዳም መጽሐፏን ሰብስባ ወጣች። የተናደደችው ዓይናዲስ ልክ ስለሆነች ነው።

ቤት ስትደርስ አባ ቅጣው አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል። የሰፈሩ ወጌሻ ናቸው፤ እጃቸው እንደ ዛፍ ሥር የጠነከረ። እጅጌያቸውን ሰብስበው መዳፋቸውን ቅቤ እየቀቡ ነበር።

«እሰይ መጣሽ» አለች እናቷ። «አባ ቅጣው ብርዱን አሽተው ሊያወጡልን ነው።»

«ነይ ልጄ፣ ያንን እግሩን ያዢልኝ» አሉ አባ ቅጣው። «ጠበቅ አድርገሽ። ሲያመው እንዳይወራጭ።»

ሠርካለም ቁርጭምጭሚቱን ያዘች። ቀና ስትል አባቷ ዓይኖቹን ተክሎባታል። ግንባሩ ላብ አውጥቷል። ፈርቷል፤ ግን በዓይኑ «ዝም በይ» ነበር የሚላት። አባ ቅጣው አውራ ጣታቸውን ቅልጥሙ ላይ አሳርፈው ገና ጫን ሲሉ ትእዛዙ ጥርሱን ነክሶ አቃሰተ። እግሩ እጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። የሐኪሙ «በቀላሉ ይሰበራል» ትዝ አላት።

እግሩን ለቀቀችው።

«አይሹት! በማርያም አይሹት! ብርድ አይደለም!»

«ምን ነካት ይቺን?» አለች እናቷ።

«ዋሽቼሽ ነው እማዬ። አጥንቱ ሳስቷል፣ በቀላሉ ይሰበራል ነው ያለው ሐኪሙ። ፀሐይ ይሙቅ ነው ያለው። ፀሐይ!» አለቀሰች። ማልቀሷም አናደዳት።

«ትእዛዙ፣ እውነቷን ነው?»

ትእዛዙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አባ ቅጣው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «እንዲህ ከሆነማ እጄን አላሳርፍም። እኔ የተሰበረ እጠግናለሁ እንጂ ደህናውን አልሰብርም» አሉና እጅጌያቸውን ዘረጉ።

የሻሽወርቅ መስኮቱ ጋ ሄዳ የብርድ ልብሱን ከነምስማሩ ነቀለችው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም! አንተም ቆይ፣ አንቺም ቆዪ!» አለች።

ትእዛዙ ያን ቀን ልጁን አላናገራትም። እሑድም አላናገራትም። ውኃ ስታቀርብለት ይቀበላል፤ ዓይኗን አያይም። እሷም ከቤት ደጅ፣ ከደጅ ቤት ስትል ዋለች። አባቷን በሰው ፊት አዋርዳዋለች፤ ግን እንደገና እግሩን ያዢ ብትባል እንደገና ትለቀዋለች። ይህንን ደጋግማ ለራሷ ብትነግረውም ልቧ አልረጋም።

ሰኞ ትምህርቷ የከሰዓት ፈረቃ ነበር። ረፋድ ላይ ሁለት በርጩማ ይዛ ወጣችና አጥሩ ሥር፣ ከአንዲት አራስ ጎን ተቀምጣ መጽሐፏን ገለጠች። አባቷን አልጠራችውም። ትእዛዙ የበሩን መቃን ይዞ ረጅም ጊዜ ቆመ። በኋላ ቀስ እያለ መጥቶ ባዶው በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ጋቢው እስከ አገጩ ድረስ እንደተጠቀለለ። አራሷ «እንዴት አደሩ ጋሼ» ብላ ልጇን አመቻቸች።

ብዙም ሳይቆዩ ባለወፍጮው ጋሼ ገብረ ሊባኖስ ዱቄት እንደለበሱ ብቅ አሉ። ጨዋታና ተረብ ይወዳሉ።

«ምነው ትእዛዙ! እንኳን ማርያም ማረችህ! ወንድ ነው ሴት?»

አራሷ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ትእዛዙ ዞሮ ሠርካለምን አየ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ምን እንደሚፈልግ ገብቷታል። «እያስጠናኝ ነው» ብትል ያበቃል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። እግሯ ብቻውን ይወዛወዛል። ዓይኗን መጽሐፉ ላይ ጣለች፤ አፏን ግን አልከፈተችም።

ትእዛዙ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አጥንትህ ሳስቷል አሉኝ» አለ። «ፀሐይ ሙቅ ያለኝ ሐኪም ነው።» ጋቢውን ከትከሻው አወረደና እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቀለለ።

ጋሼ ገብረ ሊባኖስ ሳቃቸውን ዋጡት። «ጭንህን ነው?»

«ጭኔን። ወገቤን።»

«ስትነሳ ጉልበትህን በእጅህ ትደገፋለህ?»

ትእዛዙ ቀና አለ። «በምን አወቅህ?»

ጋሼ ገብረ ሊባኖስ ጭናቸውን አሸት አሸት እያደረጉ መንገዱን ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ፤ የሚመጣ ሰው እንዳለ ለማየት። ሠርካለም መጽሐፏን ከደነች፤ ተነስታም በርጩማዋን አስጠጋችላቸው።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለች።