የባቦጋያው ፕሮግራም

«ይሄን ፕሮግራም ያወጣው ማነው?»

ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገርኩት እንዲህ ብዬ ነው። ልጁ ፍላሹን ሰጥቶኝ «ሠላሳ ኮፒ በከለር» ብሎ ቆሟል። እኔ ደግሞ አንድ መጥፎ አመል አለብኝ፤ ሰው የሚያሳትመውን ወረቀት ሳላነብ አላትምም። ሜክሲኮ ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ስንቱ የኮሌጅ ተማሪ በዚህ አመሌ እንደተቀየመኝ እኔ ነኝ የማውቀው!

«እኔ ነኝ... ምነው?» አለ።

«የምትሄዱት ታኅሣሥ ውስጥ ነው አይደል? እስቲ ምሳውን አንብበው።»

«ጥሬ ሥጋ፣ ጥብስ፣ ክትፎ...»

«የገና ጾም ገብቷል እኮ! ክርስቲያን አይደለህም እንዴ?»

ሳያስበው እጁን አንገቱ ላይ ወዳለው ማተብ ሰደደ። ግንባሩ በላብ ወረዛ።

«ወይኔ ጉዴ! ለሥራ አስኪያጁ ላስገባው ነበር እኮ!»

«በል ቁጭ በል። ሥጋውን እናውጣው።»

«በዓሣ እንተካዋ።»

«ዓሣም አይቻልም።»

«ሐይቅ ዳር ሄደን ዓሣ ሳንበላ?»

የተናገረበት ድምፅ እንዴት እንደሚያሳዝን! ሳቅ አመለጠኝ። ከሳቅኩ ስንት ወር ሆኖኝ ነበር...

ስሙ ሃፍቶም ነው። እዚያው ሜክሲኮ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ፣ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ይሠራል። ሠራተኞቹን ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ወስዶ የሚያዝናናበትን ቀን እንዲያዘጋጅ ታዟል። ሥጋውን በሽሮና በአታክልት ተክተን ወደ ገጹ አናት ስመለስ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ ቀረ። «ከ5፡00 ሰዓት ጀምሮ፣ ጀልባ።» እጄ ኪቦርዱ ላይ ቆመ።

ሃፍቶም እጄን አየ። ከዚያ ጥቁር ሻርፔን፣ ጥቁር ሹራቤን፣ ጥቁር ቀሚሴን አየ።

«ማን ሞቶብሽ ነው?»

«እናቴ። የካቲት ላይ።»

«ነፍሷን ይማር» አለና አቀረቀረ። ብዙ ሰው እንዲህ ሲለኝ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው። እሱ ግን ከልቡ እንዳለው ታወቀኝ።

ስለ ጀልባው ልንገራችሁ። እማዬ ሐይቅ አይታ አታውቅም ነበር። ተወልዳ ያደገችው፣ ያገባችውም እኔን የወለደችውም ጌጃ ሰፈር ነው፤ መንገዷ ከቤት ልደታ ማርያም፣ ከልደታ ማርያም ቤት ነው። አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ ሰዎች ጀልባ ሲቀዝፉ አየችና «ኑኃሚን፣ እኔንም አንድ ቀን ውሰጂኝ» አለችኝ። «ቅዳሜ እንሄዳለን» አልኳት። ቅዳሜ ሥራ በዛ። ለሚቀጥለው አልኳት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለት ዓመት ሸነገልኳት። አንድ ጊዜም አልተቆጣችኝም። እሷ ካረፈች ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ራሴን እጠላለሁ። ከል ለብሼ ዓመት ካልደፈንኩ ደግሞ የበደልኳት በደል የሚቀልልኝ አልመሰለኝም።

ሃፍቶም በማግሥቱ ተመለሰ። በሦስተኛውም ቀን መጣ።

«ዛሬ ደግሞ ምኑ ተቀየረ?»

«ምሳ የሚለው ትንሽ ደመቅ ቢል...»

«ለዚህ ብለህ ነው በእግርህ የመጣኸው?»

«ሌላም ነገር ነበር፤ ስደርስ ጠፋኝ።»

ኧረ ተዉኝ! እንዳልገባኝ ሆኜ ፊደሉን አደመቅኩለት። ከሄደ በኋላ ግን ብቻዬን እስቅ ነበር።

በሳምንቱ አንገቱን ደፍቶ መጣ። መሥሪያ ቤቱ የመዝናኛ ቀኑን ሰርዞታል።

«አዝናለሁ፤ ስንት ደክመህበት» አልኩት።

«ፕሮግራሙ አለ፣ ሐይቁም አለ። የጎደለው ሰው ነው» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ገና ሲያልፍ አንቺና እኔ ብንሄድስ?» አለኝ።

«አስብበታለሁ» አልኩት። ልቤ ግን ሄዶ ነበር፤ ምን ይዋሻል!

በማግሥቱ አንድ ፌስታል አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ለባቦጋያ እንዲሆንሽ ነው» ብሎ፣ መልስ ሳይጠብቅ ወጣ። ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ሰማያዊ ቀሚስ ነው። እንዴት እንደሚያምር! ደረቴ ላይ ለክቼው መስታወት ፊት ስቆም የእማዬ ታላቅ እህት፣ እትዬ ታየች፣ በሩን ከፍተው ገቡ።

«ማነው የሰጠሽ?»

ነገርኳቸው።

«ከልሽን ሊያስወልቅሽ? ልብስ ገዝቶ ከል ማስወለቅ የዘመድ ሥራ ነው! ምን ቤት ነኝ ብሎ ነው? የእህቴ ሙት ዓመት ሳይወጣ!»

አባዬ ከሳሎን «ተያት እስቲ ታየች» አለ። ማን ሰምቶት!

እውነቱን ልናገር። ያናደደኝ ባህሉ አልነበረም። ቀሚሱን ደረቴ ላይ ስለካ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እማዬን የነፈግኋትን ሐይቅ አምሬና ደምቄ ልሄድበት ነበር! ያን ንዴት ግን ራሴ ላይ ማውረድ አልቻልኩም። በማግሥቱ ሃፍቶም ፈገግ ብሎ ሲገባ ፌስታሉን እጁ ላይ ጣልኩለት።

«አንተ ማነህ ከሌን የምታስወልቀኝ? እናቴን አብረኸኝ ቀብረሃል? ሐዘን ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

ሱቁ በሰው ሞልቷል። ሃፍቶም ፌስታሉን አጠፍ አድርጎ በብብቱ ያዘና ወጣ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ አልመጣም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ እሱ አይደለም። ንዴቴ በረደ፤ ከሥሩ የቀረው ናፍቆት ነበር። በሕይወቴ ይቅርታ ጠይቄ የማላውቅ ሴት፣ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁን ዘግቼ ቢሮው ሄድኩ። ደረጃው ላይ አገኘሁት።

«ሃፍቶም፣ ይቅርታ አድርግልኝ። አፌ ክፉ ነው።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ከል ማስወለቅ የዘመድ መሆኑን አውቃለሁ። ያን ቀን አልታሰበኝም። እንድትስቂ ብቻ ነው የፈለግኩት።»

«ሐዘን አታውቅም ማለቴ ግን...»

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«የኔም እናት ሞታለች ኑኃሚን። እሷ መቀሌ፣ እኔ እዚህ ሆኜ። ስልክ ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ነው። እኔ ስሰማ ሰባት ወር አልፏታል። ሰባት ወር ሙሉ "እናቴን ጠብቅልኝ" እያልኩ ስጸልይ ነበር... እሷ ለካ የለችም። ስሰማ ለማን ልንገር? ማን ጋ ሄጄ ላልቅስ? በማግሥቱ ሥራ ገባሁ። ከል አልለበስኩም፤ አውልቅ ያለኝም የለም።»

እጁን ያዝኩት። አላፊ አግዳሚው ያየናል፤ ይየን!

ማታውኑ ለእትዬ ታየች ሁሉንም ነገርኳቸው። የጀልባውን ነገር፣ እማዬን እንዴት እንዳታለልኳት ጭምር። ሰምተው ሰምተው፣

«ለልጁ ማንም አላለቀሰለትም?» አሉ።

«ማንም።»

በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እህቴ እንኳን ላንቺ ለባዳም አንጀቷ አይችልም ነበር። አንቺን ጥቁር ውስጥ ማየት ደስ የሚላት ይመስልሻል? በይ ጥሪው። ቀሚሱንም ይዞ ይምጣ። በኔ እጅ ትለብሺዋለሽ። ደግሞ እኔም አብሬ እሄዳለሁ!»

ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ እትዬ ታየች በገዛ እጃቸው ከሌን አውልቀው ሰማያዊውን ቀሚስ አለበሱኝ። አባዬ ዞር ብሎ አለቀሰ። ሃፍቶም በር ላይ ቆሞ፣ የት እንደሚያይ ጠፍቶት ጫማውን ያያል።

በቢሾፍቱ ሚኒባስ እትዬ ታየች ጋቢና ተቀምጠው ሾፌሩን «ቀስ! ቀስ በል!» ሲሉ ደረስን። ባቦጋያ ጸጥ ብሏል። ዳሩ ላይ ካሉት ዛፎች ሥር ቤተሰብ ቤተሰብ ሆኖ ሰው ተቀምጧል። ጀልባ ተከራይተን ተሳፈርን። ሃፍቶም «መቅዘፍ እችላለሁ» ብሎ ነበር፤ ጀልባዋ ግን አንድ ቦታ ላይ ትሽከረከራለች።

«አንተ ልጅ፣ ወዴት ነው የምትወስደን?» አሉ እትዬ ታየች፣ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨምድደው።

«ወደ መሐል እማማ።»

«መሐሉ እኮ ወዲያ ነው!»

ሳቅን። እንደምንም መሐሉ ጋ ደረስን። ነፋሱ ለስለስ ያለ ነው፤ የሰው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። እትዬ ታየች ውሃውን ሲያዩ ቆይተው፣

«የእናትህ ስም ማነው ልጄ?» አሉት።

«አባዲት።»

ነጠላቸውን አወረዱ። ከዚያ ለልቅሶ እንደሚለበሰው አዘቅዝቀው ለበሱት። ያኔ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ገባኝ።

«አባዲቴ... ልጅሽን ሳታዪ የሄድሽው! አባዲቴ... ልጅሽ ያልቀበረሽ! ይኸው እኔ አለሁልሽ፣ እኔ ላልቅስልሽ እህቴ...»

ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። ሃፍቶም መቅዘፊያውን ለቀቀው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ። አቀፍኩት። እኔም «እማዬ፣ ይኸው መጣሁ... ይቅር በይኝ» አልኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። ጀልባዋ ራሷን ችላ ቀስ እያለች ተንሳፈፈች። ማንም አልቸኮለም።

በመጨረሻ እትዬ ታየች ነጠላቸውን አስተካክለው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በሉ አሁን ፊታችሁን ታጠቡ፤ ውሃ እንደሆነ ሞልቷል» አሉ። ታጠብን። ሃፍቶም ቀና ብሎ አየኝና «ኑኃሚን፣ እወድሻለሁ» አለኝ፣ እሳቸው ፊት! «እኔም» አልኩት። እትዬ ታየች ወዲያ ማዶ ያለውን ዛፍ የሚያዩ መሰሉ። ያን ቀን ዳሩ ላይ ዓሣ በላን፤ ጾም ተፈቷልና ማን ይከለክለናል!

የእማዬ ሙት ዓመት አለፈ፤ ፋሲካም ሆነ። በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ተነግሮን ቤቱ ሽር ጉድ ይላል። እትዬ ታየች ግን ከጠዋት ጀምሮ የሉም። «ዛሬን የመሰለ ቀን የት ሄደች?» እያለ አባዬ ተበሳጨ። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቄ አያለሁ።

በሩ ተንኳኳ። ከሃፍቶም መሥሪያ ቤት ሁለት አዛውንቶች ገቡ። ከኋላቸው፣ አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ እትዬ ታየች!

«ተቀመጡ እንጂ» አለ አባዬ ግራ ገብቶት።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው።»

አባዬ እሳቸውን ትቶ እትዬ ታየችን አያቸው።

«ታየች፣ እኔ ጎን መቀመጥ ሲገባሽ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

እትዬ ታየች አልሳቁም።

«እናቱ ብትኖር ዛሬ እዚህ ትቆም ነበር። ስለ አባዲት ቆሜ ነው» አሉ።

አባዬ ተነሳና፣ ወንበሩን ራሱ ስቦ፣ መጀመሪያ ለእትዬ ታየች ሰጠ።