የምን ላምባ?

ሻምበል ውብሸት መስኮት ወደሌለው የሸማ ተራ መጋዘን ሲገባ የላምባ ሽታ ሰነፈገው። የሸማ ነጋዴው ጎበዜ በጋቢ እስር ላይ በአፍጢሙ ተደፍቷል፤ ማጅራቱን በበሩ የብረት መቀርቀሪያ ተመትቷል። አጠገቡ የተሰበረ ፋኖስ ወድቆ ላምባው ወለሉን አርሶታል።

የጃንሆይ ልደት ሰሞን ስለነበር ገበያው ውጭ ይንጫጫል። ሻምበሉ አንድ ቦታ መቆም አልሆነለትም። ሬሳውን በጋቢ አስሸፈነ፤ ወጣ፣ ገባ፣ ኮሌታውን ፈታ። ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ሚስትየዋ ፋናዬ፣ የሟች ታናሽ ወንድም አስናቀውና ሸሪኩ ዘይኑዲን። ደጅ አቁሞ እየተንጎራደደ ጠየቃቸው።

«ማን አገኘው?»

«እኔ» አለ አስናቀው። «ከራጉኤል ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ገባሁና ወዲያው ጮህኩ።»

«ጋሽ ዘይኑዲን፣ ጠዋት ከሟች ጋር ሲጨቃጨቁ ተሰምተዋል።»

«ወላሂ፣ የሥራ ጭቅጭቅ ነው! ጩኸቱን ሰምቼ ስገባ ላምባው ጉሮሮዬን ዘጋኝ። ‹ይሄ ላምባ ሊፈጀን ነው፣ እንውጣ› ስለው አስናቀው ‹የምን ላምባ?› አለኝ።»

«እኔም ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ይዤ ነው የገባሁት» አለች ፋናዬ እያለቀሰች።

ሻምበሉ ቆም አለ። «እውነት ነው አስናቀው?»

«ጉንፋን ይዞኛል፤ ምንም አይሸተኝም።»

ሻምበሉ ሦስቱንም ወደ ውስጥ ጠራቸው። አስናቀው ገና እግሩን ሲያስገባ ፊቱ ተጨማደደ፤ እጁ ሳያስበው አፍንጫው ላይ ሄደ።

«አፍንጫህስ ደህና ነው» አለ ሻምበሉ። «ግን ሽታን አፍንጫ ብቻውን አያውቀውም። እሱ ወሬውን ያደርሳል፣ የሚፈርደው አንጎል ነው። ወሬው ሳይለወጥ ከቆየ ነርቩም ይለምደዋል፣ አንጎልም ችላ ይለዋል። ባርኔጣዬን ጠዋት ሳጠልቅ ተሰምቶኝ ነበር፤ አሁን መኖሩንም ረስቼዋለሁ። ከውጭ የገባን ሁላችንንም ላምባው ሰንፍጎናል፤ አሁን ከደጅ ስትመለስ አንተንም ጭምር። ያኔ ግን ጋሽ ዘይኑዲን ስሙን ጠርተውልህ እንኳ አልሸተተህም። ገብተህ ወዲያው አልጮህክም። ፋኖሱ ሲሰበር እዚህ ነበርክ፤ ከዚያም ቆይተሃል።»

አስናቀው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ሠርኬን አገባለሁ አልኩት። ‹የሸማኔ ልጅ ቤቴን አትረግጥም› አለኝ። የአባቷን ሸማ እየሸጠ!»

«ከመታኸው በኋላ ለምን አልሸሸህም?»

«ተነስ፣ ወንድም ዓለም፣ ተነስ እያልኩ ስለምነው ነበር።»

ፋናዬ ልትመታው እጇን አነሳች። እጇ አየር ላይ ቀረ።