ባለ ጋዜጣዋ ፈቅደው ነበር

«ይሄ ጽሑፉ ላይ የታተመው ቀይ ነገር ምንድን ነው?» አሉ አቶ ጎሳዬ፣ የአቢጊያን ስልክ ከዓይናቸው አርቀው ይዘው።

አቢጊያ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች። «የጂንካ ድሮ» ይላል፤ የድሮ ጋዜጣ ገጾችን ፎቶ እያነሳች የምትለጥፍበት የቴሌግራም ቻናሏ ስም ነው። በየገጹ መሀል ያስገባችውም ራሷ ናት።

«የቻናሌ ስም ነው፣ ጋሼ። ሌሎች ወስደው የራሳቸው እንዳያስመስሉት ብዬ ነው።»

ይሄን ብላ ሳትጨርስ ፊቷ ጋለ። አቶ ጎሳዬ ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ወይጦ በምትባል ትንሽ ከተማ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ በአስተማሪነታቸው ዘመን ለአንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ ይጽፉ ነበር። አቢጊያ በሕይወት መኖራቸውን እንኳ አታውቅም ነበር፤ ዛሬ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቀው አገኟት።

«ማንን አስፈቀድሽ?»

«ወይዘሮ ሰኢዳን።»

አልዋሸችም። አቶ ጎሳዬ በሚጽፉበት ዘመን ጋዜጣ ጂንካ የሚገባው በአውቶቡስ፣ ያውም ከሳምንት በኋላ ነበር። ወይዘሮ ሰኢዳ ሱቃቸው ውስጥ እያከራዩ ያስነብቡና መልሰው ይሰበስቡት ነበር። ከተማው እስከ ዛሬ «ባለ ጋዜጣዋ» ነው የሚላቸው። አቢጊያ ስትጠይቃቸው «ውሰጂው፣ እዚህ አቧራ ከሚበላው» ብለው የጋዜጣውን እስር እንዳለ ሰጧት። ከሳቸው ሌላ ባለቤት ይኖረዋል ብላ አላሰበችም።

«ሰኢዳ ያላት ወረቀቱ ነው» አሉ አቶ ጎሳዬ። «አርቦሬ ድረስ በእግሬ ሄጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግርጌው ላይ ስሜ ነበር፤ የት ሄደ?»

«ለስልክ እንዲመች… ቆረጥኩት።»

«አሥራ አራቱን ጽሑፎቼን መጽሐፍ ላደርጋቸው ነበር። ማተሚያ ቤት ሄጄ ሳማክር፣ ሰውዬው ስልኩን አወጣና ‹ይሄ እኮ በነፃ አለ› አለኝ።» ስልኳን መለሱላት። «አጥፊም አታጥፊም አልልሽም። እንድታውቂው ብዬ ነው።»

ደህና ዋይ ብለዋት ወደ ገበያው ወረዱ።

ጓደኛዋ ዊዳድ አጥሩን ተደግፋ ሁሉንም ሰምታለች። «እንዳታጠፊ! ሦስት ሺህ ተከታይ ያለው ሌላ ማን አለ? ነገ አንደኛ እኮ ነሽ። ደግሞ እሳቸው ራሳቸው አጥፊ አላሉሽም።»

ነገ የትምህርት ቤቱ ክበብ የዓመቱን የተማሪዎች ምርጥ ሥራ ይመርጣል፤ ያሸነፈ ለክልሉ ውድድር አርባ ምንጭ ይሄዳል። አቢጊያ ከመስከረም ጀምሮ ስትመኘው የቆየችው ይሄንን ጉዞ ነበር።

ቻናሉ ላይ ያሉት አሥራ ሰባት ጽሑፎች ናቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የአቶ ጎሳዬን አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመረች። የአርቦሬው ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ ሰው በጣም የወደደው እሱን ነበር። እሱንም አጠፋችው።

«አሞሻል እንዴ?» አለች ዊዳድ። «እሺ፣ የቀሩትን ሦስቱን እንኳን ተያቸው። የማን እንደሆኑ አይታወቅ፣ ማንም መጥቶ አይጠይቅሽም።»

እውነቷን ነው፤ ማንም አይመጣም። አቢጊያ ሦስቱን ከፍታ ግርጌያቸውን አየች። የነሱንም ቆርጣዋለች።

«ነገ ስምሽ ሲጠራ ምን ልታሳዪ ነው?»

«እኔ እንጃ፣ ዊዱ» አለች አቢጊያ። የመጀመሪያውን ተጫነችና አጠፋችው፤ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ የመጨረሻውን።