ፋኖስ የያዘችው አሮጊት

ድልድዩ ፈረሰ፤ ልጁ ተሻገረ፤ የመዝጊያው ሙዚቃ ጀመረ። አሮጊቷ ግን አልመጣችም።

እርሳስ የሚሏት ልጅ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ፊልሙን ወደኋላ መለሰችው። ድልድዩ እንደገና ፈረሰ፤ ጥላ የሌለው ልጅ እንደገና እየሮጠ ተሻገረ። ማዶ ያለው ድንጋይ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ፋኖስ የለ፣ አሮጊት የለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ነገር ተቆርጧል እንዴ?»

ወንድሟ ስልክ ጠጋኝ ነው። ጠባቧ ሱቁ ውስጥ የአንዱን ስልክ ሆድ ከፍቶ፣ በጥርሱ ትንሽ መፍቻ ነክሶ ተቀምጧል። መፍቻውን ካፉ አውጥቶ ከየት ይቆረጣል አላት፤ ሙሉውን ነው የጫነላት። እንዲያውም ቢቆረጥለት ይሻል ነበር አለ፤ ይህ ፊልም እሱ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ልጆቹን እስኪድር ድረስ የሚያልቅ አይመስለውም።

አልተሳሳተም። «ጥላ አልባው» የሚባለው አኒሜ፣ ተከታታይ የጃፓን ካርቱን ነው፣ የጀመረው እርሳስ ገና ፊደል ሳትቆጥር ነው። አንድ ክፉ ንጉሥ የአንድ ልጅ ጥላ ሰርቆ፣ ቆራርጦ በየአገሩ ይበትንበታል። ልጁ ያንን ቁርጥራጭ ሊለቅም ከአገር አገር ይዞራል። ይኸው እስከ ዛሬ እየዞረ ነው። ንጉሡም ስንቴ ሞቶ ስንቴ እንደተነሣ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው።

እርሳስ ይህን ክፍል ፍለጋ ወንድሟ ሱቅ የመጣችው ያለ ነገር አይደለም። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ዓርብ ጠዋት ስለ «ጥላ አልባው» ጠንካራና ደካማ ጎን ሊያቀርብ ነው። ክበቡን የሚመሩት የቋንቋ መምህራቸው ጠንካራ ጎኑን ለዋይፋይ፣ ደካማ ጎኑን ለእርሳስ ሰጡ። ዋይፋይ ዘንድሮ የመጣ ልጅ ነው፤ ቤታቸው ኢንተርኔት ቀንም ሌትም ስለማይጠፋ ስሙ በሁለተኛው ቀን ወጣለት። እሷ ደግሞ ቀጭን ናት፤ በዚያ ላይ ሥዕል ትሥላለች። እርሳስ ካላሏት ማን ሊሏት ነው?

ለፕሮግራሙ ማስታወቂያ እንዲሆን ከፊልሙ በጣም የምትወዳትን ሰው ሣለች። በየክፍሉ መጨረሻ ልጁ ከሚሻገረው ድልድይ ማዶ የምትቀመጥ፣ ፋኖስ የያዘች አሮጊት ናት። ሥዕሉ የሚኒ ሚዲያው በር ላይ ተለጠፈ። ዋይፋይ መጥቶ ቆሞ አየው፣ አየው፣ ከዚያ «ቆንጆ ነው። ግን ማናት?» አላት። የሚያሾፍ መስሏት ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም።

አሮጊቷን የማያውቅ ሰው አለ ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ክፍላቸው ውስጥ ፊልሙን በዓይናቸው የሚያዩት ጥቂት ናቸው፤ ከታች የሚሮጠውን የባዕድ አገር ጽሑፍ አንብቦ የሚደርስበት ደግሞ ከነሱም ያነሰ ነው። የቀሩት በሙሉ የሚያውቁት ከራዲዮ አፍ ነው። ራዲዮ የእርሳስ የልብ ጓደኛ ነው። ስሙን መልአክ ነው ያወጣለት፤ ወሬውን ሳያቆም ውሃ ሊጠጣ የሚሞክር እሱ ብቻ ነው። ሰኞ ሰኞ በእረፍት ሰዓት ከቧንቧው ጀርባ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጥና የሳምንቱን ክፍል ይተርካል። እዚያ ሕግ አለ፤ ሲተርክ ማንም አያቋርጠውም። አሮጊቷ ስትመጣ ብቻ ሁሉም አብሮ ይላል። እሷ ፋኖሷን ከልጁ ራስ በላይ ከፍ ታደርጋለች። ጥላው መጥቶ እንደሆነ ከኋላው መሬቱን ታያለች። ከዚያ ከቧንቧው ጀርባ ያለው ልጅ ሁሉ ባንድ አፍ፦ «ዛሬም አልመጣም። ነገ እናያለን!»

«አሮጊት አለች ያለሽ ማነው?» አለ ወንድሟ።

«ራዲዮ።»

«በምን አይቶ?» መሳቢያውን ስቦ መስታወቱ የደቀቀ ስልክ አወጣ። «የእናቱ ስልክ ይኸውልሽ። ከአምናው ፈተና ጀምሮ መለዋወጫ አጥቼለት እዚሁ ተኝቷል። ሌላ ስልክ የላቸውም።»

እርሳስ ስልኩን አየችው። አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችው መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ብዙ አልደከመችም። ከአምናው ፈተና በኋላ ነው። ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ራዲዮ ነፋስ የአሮጊቷን ፋኖስ እንዳጠፋባት በተረከበት ሰኞ አልቅሳ ነበር፤ ሰው እንዳያያት ፊቷን በቧንቧ ውሃ ታጥባ ነው ክፍል የገባችው። ለሌለች ሴት ነው ያለቀሰችው። ዓርብ ደግሞ ስለዚህችው የሌለች ሴት በድምፅ ማጉያ ለትምህርት ቤቱ በሙሉ ልታወራ ነበር፤ አጠገቧ ደግሞ ዋይፋይ አለ።

በቀጥታ ወደ ራዲዮ ቤት ሄደች። እናቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከበሩ አጠገብ ባለው የስፌት መኪናቸው የአንድ ሱሪ እግር እያሳጠሩ ነበር። ግቢ የኔ ልጅ አሏት። ልጃቸው ውስጥ እንዳለ ነግረው፣ እሁድ እሁድማ ለብቻው እያወራ፣ እየጮኸ፣ አንዳንዴም እያለቀሰ ግድግዳውን እንደሚያደነቁረው ጨመሩላት። ፈተና የሚያጠና ነው የሚመስላቸው።

ራዲዮ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስር ነበር።

«አሮጊቷ የለችም» አለችው።

«የት ሄደች?» አለ ሊቀልድ። ፊቷን ሲያይ ማሰሪያውን ለቀቀው።

መካድ አልሞከረም። መጀመሪያ ያሰበው ስልኩ እንደተሰበረ ሊነግራቸው እንደነበር ነገራት። ቧንቧው ጋ ሲደርስ ግን ሁሉም ተቀምጠዋል፤ አንዱ እንዲያውም ሰው እንዳይቀመጥበት ድንጋዩ ላይ ቦርሳውን አስቀምጦለታል። ለዛሬ ብቻ ብሎ ከራሱ ጀመረ። በሚቀጥለው ሰኞም ለዛሬ ብቻ አለ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ማለቱንም ተወው።

«እሺ፣ ይሁን። አሮጊቷን ግን ምን አመጣት?»

«ተናድጄ ነዋ!» አለ ራዲዮ። ቀጥሎ ድምፁን ቀነሰ፤ እናቱ ከወዲያ አሉ። «አስቢው እስቲ፤ ያ ልጅ ስንት ዓመት ሙሉ ጥላውን ይፈልጋል። ጓደኞቹ ይዋጉለታል፣ ይሞቱለታል፣ ደሞ ይነሣሉ። አንድም ሰው ግን ‹ዛሬስ አገኘኸው?› ብሎት አያውቅም። አንድ ሰው እንዲጠይቀው ፈለግኩ። በቃ።»

እርሳስ ልትጮህበት ነበር የመጣችው፤ አሁን ንዴቷም አለ፣ ሌላም ነገር አለ፣ የቱ እንደሚበልጥ አላወቀችም።

«ዓርብ እንዲህ በይልኝ» አለ ራዲዮ። «ዋይፋይ የለችም ካለ፣ የተቆረጠ ክፍል ላይ ነው ያለችው በይ። ሰው ያምንሻል፤ አንቺ ዋሽተሽ አታውቂም።»

«ለዛ ነዋ የማልለው።»

«ሙድ ይይዙብኛል፤ መሳቂያ ነው የምሆነው። ሌላውን ቀን ሁሉ ‹ራዲዮ ዝጋ› ነው የምባለው። ሰው የሚፈልገኝ ሰኞ ብቻ ነው፤ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ራሷም ስንት ጊዜ ራዲዮ ዝጋ ብላዋለች። እሺም እምቢም ሳትል ወጣች። እናቱ ከመኪናቸው ቀና ብለው ምነው ቶሎ አሏት፤ ሥራ አለብኝ እትዬ ብላ አለፈች።

ዕውነትም ሥራ ነበረባት። ወንድሟ የጫነላትን ሌሎች ክፍሎችም አይታ ስለጨረሰች የፊልሙን ድክመት መጻፍ እንደፈራችው አልከበዳትም። የከበዳት አሮጊቷን ምን እንደምታደርጋት ነው። ዝም ብላ ብታልፋት፣ ሥዕሉ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ዋይፋይ አፉን ከከፈተ ራዲዮ አለቀለት። የተቆረጠ ክፍል ላይ ነች ብትል ደግሞ ከዓርብ ጀምሮ ውሸቱ የሁለት ሰው ይሆናል። ያንን ውሸት ደግሞ ሰኞ ሰኞ ቁጭ ብላ መስማት ሊኖርባት ነው።

ዓርብ ጠዋት የሚኒ ሚዲያው ክፍል እንደ ወትሮው የጋለ ሽቦ ይሸታል። ፕሮግራሙን የሚከፍተው ራዲዮ ነው፤ ማይኩን ይዞ፣ ደረቅ ከንፈሩን እየላሰ ተቀምጧል። መምህራቸው በሩ ላይ ቆመው ሰልፉ እስኪሞላ ይጠብቃሉ። እርሳስ ጎንበስ ብላ ጆሮው ላይ ተናገረች።

«ፊልሙ ላይ የለችም እላለሁ። ማን እንደፈጠራት ግን አልናገርም። እሱ ያንተ ነው።»

«ሁሉም እኮ ያውቃል።»

«ይወቅ። ካንተ ቢሰማው ይሻላል።»

መምህሩ እጃቸውን አነሡ፤ ፕሮግራሙ ተጀመረ።

ዋይፋይ ጥሩ ተናገረ። እርሳስ ይህን አልጠበቀችም። እያንዳንዱ አገር የራሱ ሕግ ያለው መሆኑን አነሣ፤ የዋሸ ሰው እግሩ የሚከብድበትን አገር ምሳሌ አድርጎ ተረከው። ራዲዮ ይህን ሲሰማ የገዛ ጫማውን አየ። ዋይፋይ ሙዚቃውንም አመሰገነ። ጀግናው ከሁሉም በላይ ፈሪ መሆኑን፣ እየፈራም መሄዱን እንደሚወድለት ተናገረ። ስለ ሥዕሉ አንዲት ቃል አላነሣም።

የእርሳስ ተራ ደረሰ። ንጉሡ እየሞተ ስለሚነሣ ሞት ማስፈራቱን አቁሟል አለች። ጠላት ሁሉ ከመማታቱ በፊት ኃይሉን ማስረዳት አለበት፤ እሱ እስኪጨርስ ሰው ሸሚዙን አጥቦ፣ አስጥቶ፣ ተኩሶ ይለብሳል። ከውጭ ሳቅ ተሰማት። ሴቶቹ ገና ሲመጡ ሰይፍ ይዘው እንደነበር፣ አሁን ግን ሥራቸው ቁስል ማሰር ብቻ እንደሆነ ስትናገር ደግሞ ሴቶቹ አጨበጨቡ። ወረቀቷ ላይ አንድ መስመር ቀረ።

«የመጨረሻው ድክመቱ» አለች፣ «ፋኖስ የያዘችው አሮጊት የለችበትም። ባየኋቸው ክፍሎች ሁሉ ፈለግኳት፤ የለችም። ልጁን ጥላህ መጣ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው እንኳ ፊልሙ ላይ የለም። ቢኖር ኖሮ የበለጠ እወደው ነበር።»

ማይኩን ወደ ራዲዮ ገፋችው።

ራዲዮ ማይኩን አየው። ዋይፋይ አንዴ እሱን አንዴ እሷን ያያል። መምህሩ ሰዓታቸውን አይተው ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«አሮጊቷን የፈጠርኳት እኔ ነኝ» አለ ራዲዮ በመጨረሻ። «ከአምናው ፈተና ወዲህ አንድም ክፍል አላየሁም። ስልካችን ተሰብሯል። የነገርኳችሁ ሁሉ ከራሴ ነው። ይቅርታ።» ማይኩን አጠፋው። በሕይወቱ የተናገረው አጭሩ ንግግር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ውጭ አንዱ አፏጨ፤ ሌላው «ውሸታም ራዲዮ!» አለ፤ ሳቁ ተከተለ። ቀኑን ሙሉ በየኮሪደሩ ባለፈበት ሁሉ ተከተለው። ከትምህርት ቤት ሲወጡ እርሳስን አልጠበቃትም፤ እሷም ተከትላ አልጠራችውም። ልክ ሠራሁ ወይስ አጠፋሁ እያለች ቅዳሜንም እሁድንም ተብሰለሰለች። ሥዕሉን ከበሩ ላይ ልታነሣው አስባ ነበር፤ ግን ተወችው።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ከቧንቧው ጀርባ ማንም አልነበረም። እርሳስ ሄዳ ድንጋዩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይተው ሁለት ልጆች መጡ፤ ልማድ ሆኖባቸው እንጂ ምን እንደሚጠብቁ እነሱም አያውቁም። ከኋላቸው ዋይፋይ መጣ። እዚህ መቀመጥ ይፈቀድልኛል ወይ አላት። እስከዛሬ ማንም ና ብሎት እንደማያውቅ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላት። ቦርሳዋን አንሥታ ቦታ ለቀቀችለት።

ራዲዮ ከክፍላቸው በር ላይ ሆኖ አያቸው። ውሃ የጠማው መስሎ ወደ ቧንቧው መጣ። ወደነሱ አላየም። ጎንበስ ብሎ ከእጁ መዳፍ ሲጠጣ እርሳስ ተነሣች። ባዶ እጇን ጨብጣ፣ ፋኖስ እንደያዘ ሰው፣ ከራሱ በላይ ከፍ አደረገችው። ከኋላው መሬቱን አየች።

«ዛሬስ?» አለችው። «መጣ?»

ራዲዮ ውሃው ከጣቶቹ መሃል እየፈሰሰ ባለበት ቆመ። ዋይፋይ ማን ነው የሚመጣው ብሎ ጠየቀ። ሁለቱ ልጆች ተያዩ። ከዚያ አንደኛው፣ እፍረት በያዘው ቀጭን ድምፅ፣ «ዛሬም አልመጣም» አለ፤ ሌላኛው ጨረሰለት፦ «ነገ እናያለን።»

ራዲዮ ቧንቧውን ዘጋው። አፉን በእጅጌው ጠርጎ መጣና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«ይሄ ፊልሙ ላይ የለም» አለ መጀመሪያ፤ ከዚያ ጀመረ።